የሰኔ አሥራ ሁለት ሙቀት

ካርቱም፣ አርካዊት
መጋቢት 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሐመልማል ልጄ፣

ሰላምታዬን ከካርቱም ሙቀት ጋር በአንድ ፖስታ አሽጌ ለሾፌሩ ለበለጠ ሰጥቼዋለሁ፤ ስትከፍቺው ቢያልብሽ በእኔ አትፍረጂ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደ ልማዱ ነው።

በየካቲት የላክሽልኝን የቴርሞሜትር ሣጥን የት እንደሰቀልኩት ስትጠይቂኝ ይህ ሦስተኛሽ ነው። እንግዲህ ለመጨረሻ ጊዜ ልንገርሽ፦ ጥላ ውስጥ ነው፣ በሩ ወደ ሰሜን ይመለከታል፣ ከመሬት በደረቴ ልክ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አይነካውም። በየቀኑ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቄን ዘግቼ ስገባ፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ፣ የዕለቱን ከፍተኛ ሙቀት አነባለሁ። መነጽሬን አድርጌ ነው። ይህንንም ለመጠየቅ ዙሪያ ጥምጥም ስለሄድሽ ነው የምነግርሽ። ሠላሳ አራት ዓመት እዚህ ከተማ የስፌት መኪና መርፌ ሳስተካክል የኖርኩ ሰው አንድ መስመር አያመልጠኝም።

ቦታውም ቢሆን ከጎረቤቴ ከአሚና ጋር በምንጋራው፣ እዚህ ሆሽ በሚሉት ግቢ ውስጥ ካለው ሁሉ የተሻለው ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንበሬን አውጥቼ የምቀመጥበት ነበር። ከሩቅ የመጣ ዕቃ ነው ብዬ ለሣጥንሽ ለቅቄያለሁ።

ስለ ዳቦው የሰማሽው እውነት ነው። ሰው ከንጋት ጀምሮ ይሰለፋል። እኔ ግን አልሰለፍም። የአሚና ልጅ ሙጅተባ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሌሊት ይሠራል፣ ጧት የእኔንም ድርሻ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይገባል፣ ከዚያ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይተኛል። ሠላሳ ዓመቱ ነው። እናቱ እስካሁን ካልሲውን ታጥብለታለች፤ እኔም በዚህ አሾፍበታለሁ።

ተቃውሞው እኛም ሰፈር አጠገብ ደርሷል። አስለቃሹ ጭስ ሲመጣ በር ዘግተን እንቀመጣለን። እናትሽን ብርቅነሽን ሳሚልኝ።

አጎትሽ ዓለምነህ


ጎንደር
ሚያዝያ 10 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ቁጥሮችህም ተግሣጽህም ደርሰውኛል። ስለ መነጽሩ ይቅር በለኝ። ሥራዬ ተጠራጣሪ አድርጎኛል፤ እናቴም «ሰው ማክበርሽን ዩኒቨርሲቲ አስቀረብሽ» ትለኛለች።

ቁጥሩን ምን እንደማደርግበት ጠይቀኸኝ ሁለት ጊዜ ዘልዬሃለሁ። አሁን ልመልስ። ኮምፒውተር ውስጥ ከምድር እስከ ላይኛው ደመና ያለውን አየር እንደ ጡብ ከፋፍለን እንደረድረዋለን። እያንዳንዱ ጡብ ምን ያህል ሞቀ፣ ነፋሱ ወዴት ገፋው፣ ምን ያህል እርጥበት ያዘ እያልን በየደቂቃው እናሰላለን። ሞዴል የምንለው ይህን ነው። ሞዴሉ ግን ደጅ ወጥቶ አያውቅም። ትክክል መሆኑን የሚነግረኝ ደጅ ያለ ሰው ነው።

በዚህ ወር የእኔ ሞዴል ለካርቱም አርባ ሁለት ዲግሪ ይላል። አንተ ሠላሳ ዘጠኝ ትላለህ። ከተማው ውስጥ ሙቀት ከሚያነቡልኝ ሦስት ሰዎች ሁለቱ ግርግሩ ከጀመረ ወዲህ አቁመዋል፤ የአየር ማረፊያውን መዝገብ ለማግኘት የጻፍኩትም መልስ አላገኘም። የቀረኸኝ አንተ ነህ። ስለዚህ አንተን አምኜ ሞዴሉን በሦስት ዲግሪ ዝቅ አድርጌዋለሁ።

በዚህ ሞዴል ላይ ተመሥርተን ለሚመጣው በጋ የሙቀት ማስጠንቀቂያ እናዘጋጃለን፤ ውጭ የሚሠራ ሰው በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ሥራ ያቁም የሚለውን። ካርቱም ውስጥ በቀን ሥራ ሲሚንቶ የሚሸከሙት የአገራችን ልጆች ስንት እንደሆኑ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ነሐሴ መጨረሻ ናይሮቢ ላይ ስብሰባ አለ፤ ውጤቱን የማቀርበው እኔ ነኝ።

ሕዝቡ ጦር መምሪያው ፊት ለፊት ድንኳን ጥሎ ተቀምጧል ሲባል ሰማሁ። አደራህን እዚያ እንዳትሄድ።

ሐመልማል


ካርቱም፣ አርካዊት
ግንቦት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሐመልማል፣

«እንዳትሄድ» ያልሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ሄጄ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ስለዚህ አልታዘዝኩም አይባልም። ሁለተኛ የሄድኩት ግን ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ነው፤ ለእሱ ምክንያት የለኝም።

ምን አየህ ብትዪኝ፣ ያየሁት ብዙ ነው፣ የሠራሁት አንድ ነው። ባንዲራ የሚሰፉበት መኪና ክር እየበጠሰባቸው ነበር፤ አሚና እጄን ይዛ ወሰደችኝና አስተካከልኩላቸው። ገንዘብ አልተቀበልኩም። ሙጅተባ በየቀኑ ለማፍጠሪያ ዳቦ በራክሻ ባጃጅ ጭኖ ወደዚያው ወደ ቅያዳ፣ ወደ ጦር መምሪያው ይሄዳል። የስፌት መኪናውን ስፈታ አይቶኝ «ያ ዓም ዓለምነህ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ አንተም የእኛ ሆንክ» አለኝ። የእናንተ ከሆንኩ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ ግን አሁንም በየዓመቱ ታሳድሱኛላችሁ አልኩት። ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሞዴልሽን ስለቀነስሽልኝ አመሰግናለሁ። ሰው ቃሌን ሰምቶ ሰማይ ዝቅ ሲያደርግልኝ የመጀመሪያዬ ነው። የወሩ ንባብ ከዚህ ጋር አለ፤ ሠላሳ ስምንት ተኩልና ሠላሳ ዘጠኝ መካከል ነው የሚመላለሰው።

ዓለምነህ


ካርቱም
ሰኔ 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሐመልማል፣

በለጠ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። ስልክም ኢንተርኔትም የለም፤ ለዚያ ነው ያላገኘሽኝ። እኔ በሕይወት አለሁ። አልተመታሁም። ድልድዮቹ ተከፍተዋል፤ ሱቄንም ከትናንት ጀምሮ ከፍቻለሁ።

በበለጠ በኩል ስለ ጎረቤቶቼ ጠይቀሻል። አሚና ቤቷ አለች።

ንባቡን ከማስታወሻዬ ላይ ገልብጬ ልኬልሻለሁ። በዚህ ሰሞን የጻፍኩትን መልሼ አላየሁትም፤ ስሕተት ካለ አንቺ እዪው። ለብርቅነሽ ደህና ነው በያት፤ ሌላ አትጨምሪ።

ዓለምነህ


ጎንደር
ሐምሌ 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼ፣

በሕይወት አለሁ ያልካት ቃል ለእናቴም ለእኔም በቅታናለች። ግንቦት 26 ጧት ወታደሮች ድንኳኖቹ ላይ ያደረጉትን ቆይተን ነው በዜና የሰማነው። እዚህም በሰኔ አጋማሽ ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር ካንተ ጋር እኩል ሆነን ሰነበትን።

አሁን ስለ ሥራ። ሁለተኛው የሰኔ ወረቀትህ ትናንት ደረሰኝ። ሰኔ 11 ሠላሳ ዘጠኝ ትላለህ። ሰኔ 12 አርባ ሁለት ተኩል። ከዚያ በኋላ አርባ ሦስት፣ አርባ ሁለት ተኩል፣ አርባ ሦስት፤ አልወረደም። በአንድ ቀን ሦስት ዲግሪ ተኩል ዘልሎ እዚያው የሚቆይ ሙቀት በሥራዬ አይቼ አላውቅም። ኃላፊዬ ዶክተር ውብሸት ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ሁለት ጊዜ አነበበው። ለናይሮቢው ስብሰባ ርእሱን ቀይሬያለሁ፤ በካርቱም ድንገት ስለገባ ከልክ ያለፈ ሙቀት ነው የምናገረው። አጭር መግለጫውን ትናንት ልኬያለሁ።

ብቻ ለወጉ ያህል ልጠይቅህ፦ ሣጥኑን አላነሳኸውም አይደል? አጠገቡ የተቆረጠ ዛፍ፣ የፈረሰ ግድግዳ የለም?

ሐመልማል


ካርቱም፣ አርካዊት
ሐምሌ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሐመልማል ልጄ፣

ሣጥኑን አላነሳሁትም። ዛፍ አልተቆረጠም። ግድግዳም አልፈረሰም።

እንኳን ደስ ያለሽ ልልሽ ብዕር ካነሳሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ አልወጣልኝም። ያንን ቁጥር ስብሰባ ላይ ባትናገሪው ይሻላል። እንዲሁ ተዪው። ሽማግሌ አጎቴ ተሳሳተ በይ፣ ዓይኑ ደከመ በይ፣ መነጽሩ ተሰበረ በይ፤ አልቀየምም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ እንጂ የፈለግሽውን በይ።

ወገቤ በርትቶብኛል። ዝናቡ ጀምሯል።

ዓለምነህ


ጎንደር
ሐምሌ 19 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ቀድጄ ነው የጻፍኩት። የመጀመሪያው ስድብ ነበረበት።

መነጽርህ አልተሰበረም። ዓይንህም አልደከመም። አንድ ነገር ታውቃለህ፣ ደብቀኸኛል። ሰው እንዳትነካብኝ ብሎ የሚደብቀውን ነገር አከብራለሁ፤ ይህንን ግን ማክበር አልችልም። ለምን እንደማልችል ልንገርህና ፍረድ።

ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ወይ እስከ ሰኔ 11 ያነበብከው፣ ወይ ከዚያ በኋላ ያነበብከው። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ሞዴሉን ዝቅ ማድረጌ ልክ ነው። ኋላ ያለው እውነት ከሆነ ግን ሞዴሉ ድሮም ልክ ነበር፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ በሚመጣው በጋ አርባ አምስት በሆነው ቀን የእኔ ማስጠንቀቂያ አርባ ሁለት ይላል። ማስጠንቀቂያውን የሚጠብቅ አሠሪ ሲሚንቶ የሚሸከመውን ልጅ «ዛሬ ምንም አይልህም፣ ውጣ» ይለዋል። ልጁም ይወጣል።

በሰው ዓይን ድካም አሳብቤ የምጥለው ነገር አይደለም። የትኛው እንደሚዋሽ ንገረኝ። ከፈለግህ ለማንም አላሳይም፤ ለእኔ ግን ጻፍልኝ።

ሐመልማል


ካርቱም፣ አርካዊት
ሐምሌ 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሐመልማል ልጄ፣

የሚዋሸው የመጀመሪያው ነው። ያዋሸሁትም እኔ ነኝ።

እዚህ አገር የውሃ ሙከይፍ የሚባል አለ። መስኮት ላይ የሚገጠም የቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ በሦስት ጎኑ ጭድ አለው፣ ጭዱን ውሃ ያርሰዋል፣ ማራገቢያው ቀዝቃዛውን አየር ወደ ቤት ያስገባል። አየሩ ደግሞ በሌላው መስኮት ካልወጣ ክፍሉ ይታፈናል። የሙጅተባ ክፍል ሁለተኛው መስኮት በሆሹ በኩል ነው። ሣጥንሽን የሰቀልኩት ከዚያ መስኮት ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ጥላ ነው፣ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፣ ያልሽው ሁሉ ነው። ግን ሙጅተባ ቀን ቀን ሲተኛ የእሱ ብርድ ይነፍስበታል። ወንበሬንም እዚያ አስቀምጥ የነበረው ለዚሁ ነው። እንግዳ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም ብዬ ለዕቃሽ የቤቱን ቀዝቃዛ ቦታ መረጥኩለት። ሙቀት ለመለካት የመጣ ዕቃ መሆኑን እያወቅሁ። ስታስቢው ያስቃል። ሳስበው አፍራለሁ።

አሁን ሙከይፉ አይሠራም። ይህን ብቻ ጽፌ ብተወው በወደድኩ። አንቺ ግን ምክንያት ትጠይቂያለሽ።

ሙጅተባ በረመዳን ሃያ ዘጠኝ፣ በእኛ ግንቦት 26፣ ዳቦ ይዞ ቅያዳ ነበር። አልተመለሰም። እኔ ከሆስፒታል ሆስፒታል፣ ከኦምዱርማን እስከ ባሕሪ ዞሬያለሁ፤ አሚና ምናልባት ቢመጣ ብላ ከቤት አልወጣችም። ወንዙ ዳርም ሄጃለሁ። ስለ ወንዙ አልጽፍልሽም። በሦስተኛው ቀን አሚና አስቀምጣ አስማለችኝ። «መፍቁድ ነው በል። ጠፍቷል በል። ሌላውን ቃል በአፍህ እንዳታወጣ፣ በወረቀትም እንዳትጽፍ» አለች። ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ታውቃለች። ምያለሁ። ስለዚህ ጠፍቷል እልሻለሁ።

ክፍሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቆልፏል። ግንቦት 26 ብለሽ ቁረጪው። ከዚያ በፊት ያለው የሙጅተባ ብርድ ነው።

ዓለምነህ


ጎንደር
ነሐሴ 5 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ነፍስ ይማር እንዳልል ማልክ፤ ያምጣላችሁ ልል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። እኔ ቁጥሩን አይቼ ደስ ብሎኝ ስጽፍልህ አንተ ከዚያ ቤት ነበርክ። በጣም አዝናለሁ። እናቴ አልቅሳለች።

መግለጫውን ከናይሮቢ መልሼ አውጥቻለሁ። ዶክተር ውብሸት ቁጣውን ዋጠው፣ የእኔን ቦታ ግን ለሌላ ሰው ሰጠ። አፍሬያለሁ፤ ያለ ማጣራት መሮጤ የእኔ ጥፋት ነው፣ ያንተ አይደለም። ሞዴሉን ወደነበረበት መልሻለሁ።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ያነበብከው ሁሉ እንዳይጣል ማድረግ እችላለሁ፤ ብርዱ የነካቸውን ቀኖች ሦስት ዲግሪ ተኩል ጨምሬ ማስተካከል ነው። ለዚህ ግን በጣቢያው መዝገብ ላይ ሙከይፉ የቆመበትን ቀንና ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ። አንተ ግንቦት 26 አልከኝ። ቁጥሮችህ ደግሞ ሰኔ 12 ይላሉ። ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ፤ ከግንቦት 26 እስከ ሰኔ 11 ባሉት አሥራ ስድስት ቀኖች ያ መስኮት ብርድ ያወጣ ነበር። ተቆልፏል ያልከው ክፍል ውስጥ ሙከይፉ ይሠራ ነበር።

ሁለቱ ካልታረቁ መዝገቡን የሚያምነው የለም፤ ዓመቱን በሙሉ እጥለዋለሁ፣ የካርቱም ማስጠንቀቂያም ለሚመጣው በጋ አይደርስም። ቢሆንም አሚናን እንዳትጠይቃት። ቁጥር ለማዳን ብዬ እናት አላስጠይቅም። አንተ የምታውቀው ነገር ካለ ብቻ ጻፍልኝ።

ሐመልማል


ካርቱም፣ አርካዊት
ነሐሴ 16 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሐመልማል ልጄ፣

የማውቀው ነገር አልነበረም። ሙከይፉ ይሠራ እንደነበረ ካንቺ ደብዳቤ ነው የሰማሁት። በእነዚያ ቀኖች እኔ ቀን ቀን መጀመሪያ ሆስፒታል ለሆስፒታል፣ ኋላም ሱቄ ነበርኩ። ማታ ገብቼ ቁጥሩን ጽፌ ገጹን እገለብጣለሁ፤ ከትናንቱ ጋር አላስተያየሁትም። አንቺ ሰኔ 12 ያልሽውንም ልብ አላልኩትም።

አልጠየቅኋትም። ነገር ግን ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ያንን መስኮት ሳላውቀው ሳይ ሳይ ከርሜያለሁ። ሰኞ ማታ ልብስ ስታሰጣ ያዘችኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሲቪሉና ወታደሩ ተፈራርመው ከተማው በጥሩምባ ሲያብድ እሷ በሯን ዘግታ ነው የዋለችው፤ ሰኞም ፊቷ እንደዚያው ነበር። «ምን ታያለህ፣ ያ ዓም?» አለችኝ። መዋሸት አልሆነልኝም። ወረቀቱን አምጥቼ አሥራ ስድስቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ አነበብኩላት። ጎንደር ያለችው የእህቴ ልጅ ብርዱን አይታዋለች አልኳት።

ልብሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ተናገረች።

«ቧንቧው ውሃ አልነበረውም። ጧት ጧት ከጎረቤት በባልዲ እየቀዳሁ እሞላው ነበር። በአራት ሰዓት አበራዋለሁ፣ እሱ በሚነሳበት በአሥራ አንድ አጠፋዋለሁ። ሲመጣ ደክሞት ነው የሚመጣው። ክፍሉ ትኩስ ሆኖ እንዳያገኘው ብዬ ነው።»

ያቆመችበትንም ቀን ነገረችኝ። ጭዱ አርጅቶ መሽተት ጀምሮ ነበር። ድሮ የሚቀይረው ሙጅተባ ነው። አዲስ ልትገዛ ገበያ ሄደች። ሻጩ መጠኑን ለማወቅ «ክፍሉ ትልቅ ነው? ስንት ሰው ይተኛበታል?» ሲላት «ማንም አይተኛበትም» አለችው። አስባ አልነበረም የመለሰችው። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ጭዱን ሳትገዛ ተመልሳ ገባች፣ ማብሪያውን አጠፋች። በእኛ ሰኔ 12 ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ አንቺ ልክ ነሽ።

ወረቀቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ አልኳት። «እንደማልኩልሽ ጠፍቷል ልበል?» ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። «ጠፍቷል ያልኩ ጊዜ ክፍሉን አቀዘቅዝለት ነበር» አለች። «ከዚያ ቀን ወዲህ አላቀዘቀዝኩለትም። ለሰው ሁሉ ጠፍቷል እያልኩ፣ ያቺ ልጅ በሌላ አገር ሆና አውቃብኛለች። ወላሂ አልከፋኝም። እናቱ አጠፋችው ብለህ ጻፍላት።» መሐላዬንም ፈታችልኝ።

ስለዚህ በመዝገብሽ ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊ። ቀን፦ ሰኔ 12 ቀን 2011። ምክንያት፦ ሙከይፉን እናቱ አጠፋችው። ሌላ ቃል አትጨምሪበት፤ የእሷ ቃል ነው።

ትናንት ጧት በሬን አንኳኩታ ሼኩን ጥራልኝ አለች። ነገ ጁምዓ ነው፤ ከሶላቱ በኋላ አስከሬኑ ለሌለ ሰው የሚሰገደው ይሰገድለታል። ለሐዘኑ ሆሹ ውስጥ ፊራሽ የሚሉትን የለቅሶ መቀመጫ እንዘረጋለን። የልጁ ክፍል ተከፍቷል፤ ምንጣፍ ከዚያ ነው ያወጣነው። ሰው ስለሚበዛ ሣጥኑን ለጊዜው አውርጄዋለሁ፤ ወንበር የሚደረደረው በዚያ በኩል ነው። ሦስት ቀን ንባብ የለም። ባዶውን ተዪው፣ አትሙዪው።

አጎትሽ ዓለምነህ